የጅብሰምና የእንጨት ቅርጽ ጌጥ ለቤት ውስጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የጣሪያ ጠርዝ፣ የመብራት ዙሪያ አበባና የግድግዳ ፍሬም በራሳችሁ እጅ መስራት ለምትፈልጉ፣ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝን ከቀላሉ ጀምሬ መልሼዋለሁ።

ጀሶና ጅብሰም አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ?

አንድ ናቸው። ጀሶ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፣ እጅ ሲሰበር ሆስፒታል የሚታሰርልን ጀሶም ዘሩ ያው ነው፣ ዓረብ አገር የሰሩ ልጆች ደግሞ ጂብስ ሲሉት ትሰማላችሁ። ድንጋዩ ሀገራችን ውስጥ አለ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በዓባይ በረሃ በኩል የሄደ ሰው አጠገቡ አልፏል። ድንጋዩ ተፈጭቶ ወደ 150 ዲግሪ አካባቢ ሲጠበስ በውስጡ ካለው ውሃ ሶስት አራተኛውን ያጣና ዱቄት ይሆናል፣ እናንተ ውሃ ስትጨምሩበት ያጣውን ውሃ መልሶ ይወስድና እንደገና ድንጋይ ይሆናል ማለት ነው። ሲቦካ የሚሞቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ጀሶ መጠንከርና ጀሶ መድረቅ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። በግማሽ ሰዓት ይጠነክራል፣ ለመድረቅ ግን ቀናት ይፈልጋል፣ ብዙ ስራ የሚበላሸው ይሄ ስለሚምታታ ነው። ሌላው ደግሞ ሱቅ ስትገዙ ለሞልድ (ጀሶ ፈስሶበት ቅርጽ ለሚወጣበት ማፍሰሻ) መሆኑን ንገሩ፣ ለግድግዳ ማለስለሻ ተብሎ የሚሸጠው ቀስ ብሎ እንዲጠነክር የሚያዘገይ ነገር ስለሚጨመርበት ለቅርጽ ስራ አይመችም።

ለኔ ቤት ምን ያህል ስፋት ያለው ጠርዝ ይሄዳል?

መጀመሪያ ቃሉን እናስተካክል። እኛ ኮርኒስ የምንለው ጣሪያውን በሙሉ ነው፣ ጣሊያኖቹ ጋ ግን ኮርኒስ ማለት ግድግዳና ጣሪያ የሚገናኙበት ላይ የሚዞረው ጌጥ ነው፣ ስለዚህ ከባለሙያ ጋር ስትዋዋሉ "የኮርኒስ ጠርዝ" ብላችሁ ለይታችሁ ካልተናገራችሁ አንዱ ጣሪያውን ሁሉ ሌላው ጠርዙን ብቻ አስቦ ዋጋ ላይ ትጣላላችሁ።

መጠኑን በተመለከተ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ 2.70 ሜትር ለሆነ ክፍል እኔ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ አላልፍም፣ 3 ሜትርና ከዛ በላይ ከሆነ 12 ወይ 14 ያምራል። አሁን አሁን ሳሎን ላይ ሶስትና አራት ደረጃ እየደራረቡ መብራት የሚደብቁበት አሰራር በዝቷል፣ ሰፊ ሳሎን ሲሆን ደስ ይላል፣ 4 በ 4 የሆነች ክፍል ላይ ሲሆን ግን ጣሪያው አናታችሁ ላይ የመጣ ነው የሚመስላችሁ። ከመወሰናችሁ በፊት ካርቶን በዛው ቅርጽ ቆርጣችሁ ጥግ ላይ ለጥፉና ሁለት ቀን እያያችሁት ኑሩ፣ ማታ መብራት ሲበራም እዩት።

ለአንድ ክፍል ስንት ኪሎ ጀሶ ይበቃል?

4 በ 5 ክፍል ዙሪያው 18 ሜትር ነው፣ ለጥግ መቁረጫና ለሚሰበር ጨምራችሁ 20 ሜትር አስቡ። ፊቱ 14 ሴንቲ ገደማ ሆኖ ውፍረቱ 2 ሴንቲ የሆነ ጠርዝ በሜትር 3 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፣ ስለዚህ ባልዲ ላይ የሚቀረውንም ጨምሮ 60 ኪሎ ዱቄት ብትይዙ አያንሳችሁም። ከረጢቱ ሲሚንቶ እርጥበት እንዲነካው እንደማናደርገው ሁሉ ከመሬት ከፍ ብሎ ጣውላ ላይ ይቀመጥ፣ እርጥበት የሳበ ጀሶ ጥንካሬ የለውም፣ ከተጠራጠራችሁ አንድ ጭልፋ አቡክታችሁ ሞክሩት።

ሳቦካው ለምን ይጓጉላል? ደግሞ ሳልጨርስ ይጠነክርብኛል

አብዛኛው ሰው ዱቄቱን መጀመሪያ አድርጎ ውሃ ይጨምርበታል፣ ተቃራኒው ነው መሆን ያለበት። ንጹህ ባልዲ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ታደርጉና ዱቄቱን በእጃችሁ እንደ ጨው እየበተናችሁ ትጨምራላችሁ፣ ለ1 ሊትር ውሃ 1.5 ኪሎ ገደማ ነው፣ ዱቄቱ ውሃው ላይ እንደ ደሴት ብቅ ሲል በቃ ማለት ነው። ከዛ ሳትነኩት አንድ ሁለት ደቂቃ ውሃውን እስኪጠጣ ጠብቁት፣ ከዛ በኋላ ከስር እያነሳችሁ በቀስታ አማስሉ፣ በፍጥነት ከመታችሁት አየር ይገባና ቅርጹ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ይወጣል።

ቶሎ የሚጠነክርባችሁ ከሆነ ባልዲውን እዩት፣ ካለፈው ቡኮ የቀረ ጠንካራ ፍርፋሪ ካለ እሱ ነው አዲሱን የሚያፈጥነው፣ ሞቅ ያለ ውሃና ጨውም ያፈጥናሉ። ለማዘግየት ጥቂት ጠብታ ሎሚ ወይ አቸቶ ማድረግ ይቻላል ግን ሲበዛ ጀሶው ይደክማል፣ እኔ ትንሽ ትንሽ ማቡካቱን ነው የምመርጠው። መጠንከር ከጀመረ በኋላ ውሃ ጨምሮ ማቅጠን ፈጽሞ አይሆንም፣ ይቀጥንላችኋል ግን እንደ ጠመኔ የሚፈርስ ነገር ነው የሚሆነው፣ ድፉት።

ስትበትኑ አፍንጫችሁን ሸፍኑ። እጃችሁን ወይ የልጅ እጅ ጀሶ ውስጥ ነክራችሁ ቅርጽ ለማውጣት እንዳትሞክሩ፣ ወፍራም ሲሆን ቆዳ እስኪያቃጥል ድረስ ይሞቃል፣ ከጠነከረ በኋላ ደግሞ እጅ አይወጣም። የባልዲ እጣቢውንም ቧንቧ ውስጥ አትድፉ፣ እዛው ነው ድንጋይ የሚሆነው።

ቀጥ ያለውን ጠርዝ ያለ ሞልድ መስራት ይቻላል?

ይቻላል፣ እንዲያውም ባለሙያዎቹ ብዙ ጊዜ የሚሰሩት እንደዛ ነው። የምትፈልጉትን ቅርጽ ላሜራ ላይ ስላችሁ በመቀስ ትቆርጣላችሁ፣ ጠርዙን በሞረድ ታስተካክሉና ጣውላ ላይ ትቸነክሩታላችሁ። ከዛ መስታወት ወይ ለስላሳ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ እንጨት ሰሌዳ) ያለበት ጠረጴዛ ላይ ዘይት ትቀቡና በአንድ በኩል ቀጥ ያለ ሊስቴሎ (ቀጭን የእንጨት ዘንግ) እንደ ሀዲድ ትመታላችሁ፣ የቦካውን ጀሶ ታፈሱና ላሜራውን ሊስቴሎውን አስደግፋችሁ ትጎትታላችሁ። ደግሞ ታፈሳላችሁ ደግሞ ትጎትታላችሁ፣ ስድስት ሰባት ጊዜ ስትመላለሱ ቅርጹ እየሞላ ይመጣል፣ የመጨረሻው ቀጠን ያለ ሆኖ እንደ ክሬም የሚያለሰልሰው ነው።

ሁሌ ወደ አንድ አቅጣጫ ጎትቱ፣ ከእያንዳንዱ ጉተታ በኋላ ላሜራውን ጥረጉት። ከጠነከረ በኋላ "አንዴ ላስተካክለው" ብላችሁ መልሳችሁ እንዳትጎትቱት ደግሞ፣ ምክንያቱም ጀሶ ሲጠነክር በትንሹ ይነፋል፣ ላሜራው ይይዘውና ፊቱን ሁሉ ይልጠዋል።

አበባውን ወይም ሐረጉን ራሴ መቅረጽ እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?

ይሄ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይለኛል። ገበያ ላይ ያለው ሞልድ አብዛኛው ያው የግሪክ ቅጠል ነው፣ አስር ቤት ብትገቡ አስሩም ላይ አንድ ቅጠል ታያላችሁ። እኛ ደግሞ የብራና መጻሕፍቶቻችን ራስጌ ላይ የሚሳለው ሐረግ አለን፣ እየተጠላለፈ የሚሄድ፣ ማለቂያ የሌለው የሚመስል፣ ለጣሪያ ጠርዝ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ጣሪያ ማስጌጥም ለኛ አዲስ አይደለም፣ ከላሊበላ ወጣ ብሎ ዋሻ ውስጥ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን ጣሪያው በእንጨት ቅርጽና በቀለም የተዋበ ነው፣ ደብረ ዳሞም ኮርኒሱ ላይ እንስሳት የተቀረጹበት የእንጨት ገበታ አለ። የቤት ሳሎን ላይ መስቀልና ቅዱሳን ማድረጉን አልመክርም፣ ሐረጉ ግን ለማንም ቤት ይሄዳል።

ስትስሉ በአንድ ድግምግሞሽ አስቡ። 20 ሴንቲ የሆነ አንድ ቁራጭ ሳሉ፣ የግራ ጫፉ ከቀኝ ጫፉ ጋር እንዲገጥም አድርጋችሁ፣ ከዛ እሱኑ ደጋግሞ ማስቀመጥ ነው፣ 4 ሜትር ግድግዳ ላይ 20 ጊዜ ይሄዳል። ግድግዳችሁ 3.87 ከሆነ ደግሞ ድግምግሞሹን 19.35 ሴንቲ አድርጋችሁ መሳል ነው እንጂ መጨረሻ ላይ ጥግ ጋ ሐረጉን መሀሉ ላይ መቁረጥ አይደለም፣ ሰው ሲገባ አይኑ መጀመሪያ የሚሄደው እዛ ጥግ ላይ ነው። ለአራት ግድግዳ አራት የተለያየ ልክ ከመጣባችሁ ጥግ ጥጉ ላይ ለብቻዋ የምትገጠም ትንሽ ካሬ አበባ ቅረጹ፣ የቀረውን ልዩነት እሷ ትውጠዋለች።

እንጨቱን በተመለከተ ዋንዛ ካገኛችሁ እሱን የሚያክል የለም፣ ለመሮ ይታዘዛል፣ ብዙም አይጣመምም። ጽድ ሽታው ደስ ይላል ግን በርዝመቱ መስመር ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ወይራ ለጀማሪ በጣም ጠንካራ ነው፣ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ ተዉት። አዲስ እንጨት ከመግዛት የድሮ ቁምሳጥን ወይ አልጋ ፈርሶ የቀረ ዋንዛ ፈልጉ፣ በደንብ ስለደረቀ የበለጠ ነው፣ ዛፉም ተመናምኗል። መሮዎቹን ቶሎ ቶሎ መሳል አለባችሁ፣ የደነዘ መሮ እንጨቱን ይቀደዋል እንጂ አይቆርጠውም፣ እጅ የሚያቆስለውም እሱ ነው፣ ስለታም የሆነው ሳይሆን።

ጥልቀቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጠረጴዛ ላይ በቅርብ ሲያዩት የሚያምር 3 ሚሊ ጥልቀት ያለው ቅርጽ 3 ሜትር ላይ ሲሰቀል ነጭ ሆኖ ይጠፋል፣ ለጣሪያ ከ8 እስከ 12 ሚሊ ድረስ ግቡ፣ ጥቃቅን ዝርዝሩን ተዉት። ከእንጨቱ ላይ ቀና እያላችሁ ደጋግማችሁ ከፍ አድርጋችሁ ሰው አስይዙትና ከታች ሆናችሁ እዩት፣ መስኮቱ ባለበት በኩል ብርሃን ከጎን እየመጣበት። ጥላው ነው ቅርጹ። እንጨት ያስፈራው ሰው 3 ሴንቲ የሆነ የጀሶ ገበታ ያፍስና ገና እርጥብ እያለ ይቅረጸው፣ እንደ ሳሙና ነው የሚቆረጠው፣ እየደረቀ ከሄደ በውሃ እያራሱ መቀጠል ነው።

ከቀረጽኩት በኋላ ሞልዱን እንዴት ላውጣ?

እንጨቱን ሁለት ሶስት ጊዜ ቨርኒሽ ቀብታችሁ አድርቁት፣ ገበታ ላይ አጣብቁት፣ ዙሪያውን ከከፍተኛው ቦታ 1 ሴንቲ የሚበልጥ ግድግዳ ስሩለትና የሞልድ ሲሊኮን አፍሱበት። ይሄ ለሻወር ክፍተት መድፈኛ በቱቦ የሚሸጠው አይደለም፣ በሁለት እቃ መጥቶ የሚደባለቅ ፈሳሽ ነው። ከአንድ ጥግ ጀምራችሁ እንደ ቀጭን ክር አፍሱት፣ ራሱ እየሄደ ይሞላል፣ አየሩም ይወጣል። ሲሊኮን ሳይመጣ በፊት አውሮፓ ውስጥ ይሄን ስራ ጄላቲን ነበር የሚሰራው፣ ሀሳቡ አንድ ነው፣ ሞልዱ መለጠጥ አለበት።

ለምን መለጠጥ አለበት? ሐረግ ሲጠላለፍ አንዱ ገመድ ከሌላው ስር ይገባል፣ እዛች ከስር የተሸሸገችው ጎድጓዳ ውስጥ ጀሶ ይገባና ይቆለፋል። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ሲሊኮኑ ተወደደብኝና ሞልዱን ራሱን ገልብጬ እንጨት ላይ ቀረጽኩት፣ አፈሰስኩ፣ ጠነከረ፣ አልወጣም። መዶሻ ስይዝ ሶስት ሳምንት የሰራሁት እንጨት አብሮ ተሰነጠቀ። ጠንካራ ሞልድ፣ እንጨትም ሆነ ፋይበርግላስ፣ ጎኖቹ ወደ ውጭ የሚከፈቱ ቀለል ያሉ ቅርጾች ላይ ብቻ ነው የሚሰራው፣ እሱም ዘይት ወይ የተበጠበጠ ሳሙና በደንብ ተቀብቶ። ሲሊኮን ላይ ጀሶ ስታፈሱ ግን ምንም መቀባት አያስፈልግም።

ቃጫ የሚገባው ለምንድነው?

ጀሶ ጫና ሲመጣበት ይችላል፣ ሲጎትቱትና ሲያጎብጡት ግን ይሰበራል። ቃጫው ሲሚንቶ ውስጥ ፌሮ የሚሰራውን ስራ ነው የሚሰራው። መጀመሪያ ንጹህ ጀሶ ለፊቱ 5 ሚሊ ገደማ ታፈሳላችሁ፣ ትንሽ ወፈር ሲል የተበታተነ ቃጫ ጀሶ ውስጥ ነክራችሁ ከጀርባው ታስተኛላችሁ፣ ከዛ ትሸፍኑታላችሁ። ቃጫው ፊት ለፊት እንዳይመጣ ብቻ ተጠንቀቁ። ከ1 ሜትር ለሚረዝም ቁራጭ ቃጫ ሳይገባ አልሰቅልም።

ከላይ እንዳይወድቅ በምን ላስረው?

ጣሪያው ሶሌታ (ኮንክሪት) ከሆነ ጥሩ ነው፣ የሚያርፍበትን ቦታ ቀለሙን በመዶሻ ጫፍ ወይ በመሮ አቁስሉት፣ አቧራውን ጥረጉ፣ ጣሪያውንም ጠርዙንም በውሃ አርጥቡና ወፈር ባለ ጀሶ አጣብቁት፣ በዛ ላይ ግን በየ50 ሴንቲው በትራፓኖ በስታችሁ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) እና ብሎን አስገቡ። በማጣበቂያ ብቻ የተሰቀለ ከባድ ነገር ስር ልጅ አላስተኛም። የመሀሉ ክብ አበባ 8 እና 10 ኪሎ ሊመጣ ስለሚችል ቢያንስ አራት ብሎን ይኑረው፣ የመብራቱ ክብደት ደግሞ ፈጽሞ አበባው ላይ እንዳይንጠለጠል፣ መብራቱ በራሱ መንጠቆ ከሶሌታው ነው የሚያዘው።

ችፑድ ኮርኒስ ከሆነ ችፑዱ ራሱ ምንም አይሸከምም፣ ከላዩ ያለውን ሞራሌ (ችፑዱ የተመታበትን እንጨት) በማንኳኳት ፈልጋችሁ ብሎኑ እዛ ውስጥ ይግባ። ጭቃ ቤት ላይም የኮርኒስ ጠርዝ መስራት ይቻላል፣ ቀለል ያለ መርጣችሁ ከእንጨቱ ማገር ጋር በብሎን ማሰር ነው፣ ልስኑ ላይ ብቻ ከተለጠፈ ከነልስኑ ነው የሚወርደው።

መቼ ነው ቀለም መቀባት ያለብኝ?

በበጋ ቀጭን ጠርዝ አንድ ሳምንት፣ ክረምት ላይ ወይ ወፍራም ከሆነ ሁለት ሳምንትና ከዛም በላይ። ጉንጫችሁን አስጠጉት፣ ከቀዘቀዛችሁ ውስጡ ውሃ አለ። የበለጠ እርግጠኛ መሆን ከፈለጋችሁ ከዛው ቡኮ አንድ ቁራጭ አስቀሩና በየቀኑ መዝኑት፣ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። መጀመሪያ በውሃ የቀጠነ ፕላስቲክ ቀለም አንድ እጅ፣ ከዛ ሳይቀጥን ሁለተኛ እጅ። ዘይት ቀለም እርጥበቱን ውስጥ ስለሚያፍነው በኋላ እየተላጠ ይመጣል። ቀለሙንም አታወፍሩት፣ ያን ሁሉ የደከማችሁበትን ቅርጽ እየሞላ ይደፍነዋል።

ሻወር ቤትና ኩሽና ይሆናል? በረንዳስ?

ኩሽና ከምድጃው ራቅ ብሎ፣ መስኮት ካለው ይሆናል። ሻወር ቤት አልመክርም፣ በረንዳና ውጭ በፍጹም፣ ጀሶ ውሃ ውስጥ በጥቂቱ ይሟሟል፣ ዝናብ የሚያገኘው ቅርጽ በጥቂት ክረምት ውስጥ እየተበላ ያልቃል። ለውጭ ሲሚንቶ ነው።

ቡናማ ነጠብጣብ ወጣበት፣ መጋጠሚያውም ተሰነጠቀ

ነጠብጣቡ ክብ ክብ ሆኖ በመስመር ከመጣ ዝገት ነው፣ ተራ ሚስማር ወይ ብሎን እርጥብ ጀሶ ውስጥ ሲቀር ዝገቱ ቀለሙን አልፎ ይወጣል። ጋልቫናይዝድ ብሎን ተጠቀሙ፣ ከሌለ ጭንቅላቱን አንቲሩጂኒ (ዝገት የሚከላከል ቀለም) ቀቡት። ሰፋ ያለና ጠርዙ የጠቆረ ከሆነ ግን ቆርቆሮው ያፈሳል ማለት ነው፣ መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ውጡ፣ በላዩ ላይ ቀለም መደራረብ ገንዘብ መጣል ነው።

ስንጥቁ ሁለት ቁራጭ በሚገናኝበት ላይ ከሆነ ክፍተቱን በመሮ ትንሽ አስፉት፣ አርጥቡት፣ ቃጫ ያለበት ጀሶ ሙሉበት። ጠርዙ ከጣሪያው ጋር በሚገናኝበት ላይ ከሆነና ጣሪያው እንጨት ከሆነ ግን ጀሶ አይመልሰውም፣ እንጨቱ በክረምት ያብጣል በበጋ ይጨማተራል፣ በየዓመቱ መልሶ ይከፍተዋል። እዛ ላይ ቀለም የሚቀበል፣ የሚለጠጥ መድፈኛ ነው የሚሆነው።

ታዲያ ዝግጁ የሆነው ፎም አይሻልም?

ቀላል ነው፣ በአንድ ቀን ያልቃል፣ ኪራይ ቤት ላይ ወይ ደካማ ኮርኒስ ላይ እኔም እሱን ተጠቀሙ እላለሁ። ግን ጠርዙ እንደ ጀሶ ጥርት ያለ አይደለም፣ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ እሳት ላይ ደግሞ ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው፣ ጀሶ ከክብደቱ አንድ አምስተኛው ገደማ ውሃ ስለሆነ እሳት ሲነካው እንፋሎት እያወጣ ሙቀቱን ያዘገየዋል፣ ፎሙ ግን ይቀልጣል፣ ያጨሳል። የራሳችሁን ሐረግ ደግሞ ፎም ላይ ከየትም አታገኙትም።

አሜሪካ ነኝ፣ የገዛሁት አሮጌ ቤት የድሮ የጀሶ ጌጥ አለው፣ የጎደለውን እንዴት ልሙላ?

መጀመሪያ ብርጭቆ ወረቀት አታንሱ። አሜሪካ ውስጥ እርሳስ ያለበት የቤት ቀለም የተከለከለው በ1978 ነው፣ ከዛ በፊት በተሰራ ቤት ላይ ያለው የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፣ ፍቃችሁ አቧራውን ካነሳችሁት ደግሞ በተለይ ለህጻናት በጣም ጎጂ ነው። አስመርምሩት፣ ካለበት በእርጥቡ ነው የሚሰራው ወይም ፈቃድ ላለው ሰው ይሰጣል።

ንጹህ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ስራው ያው ነው። ደህና የሆነውን አንድ ሙሉ ድግምግሞሽ ምረጡ፣ ቫዝሊን በስሱ ቀቡትና በእጅ የሚለጠፈውን ወፍራም ሲሊኮን ጫኑበት፣ ከጀርባው ቅርጹ እንዳይጣመም ጀሶ ደግፉለት። ሲጠነክር አውርዳችሁ ጠረጴዛ ላይ ታፈሳላችሁ፣ እዛ አገር ዱቄቱን ፕላስተር ኦፍ ፓሪስ ወይም ካስቲንግ ፕላስተር ብላችሁ ብትጠይቁ ታገኛላችሁ። አሮጌው ላይ መቶ ዓመት ሙሉ የተደራረበ ቀለም ስላለ አዲሱ ከጎኑ ስል ብሎ ይታያል፣ ሞልዱን ከማንሳታችሁ በፊት ያን ቁራጭ ብቻ ቀለሙን በጥንቃቄ አስወግዱለት ወይም አዲሱን ሁለት ሶስት እጅ ቀለም ጨምራችሁ አለስልሱት፣ እኔ የመጀመሪያውን ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም ከቀለሙ ስር ያ የቀረጸው ሰው የመሮ ምልክት ብዙ ጊዜ ገና አለ።